ከቆቦ እስከ እትዬ ዶሪን ጀልባ

ከቆቦ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ ወልድያ አድሬ በማግስቱ አዲስ አበባ ለመግባት። ልጇን ጥላ የሄደች እናት ሁሉ እንዴት እንዳለቀሰች ስታወራ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን አላለቀስኩም። ሰሚራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቴ "ካየችሽ ቀሚስሽን ይዛ አትለቅሽም" ብላ ጎረቤት ቤት ከልጆች ጋር እንድትጫወት ላከቻት፣ እኔም ከገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ከአጥሩ ማዶ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። አስፋልቱ ላይ የሚኒባሱ ረዳት "ወልድያ! ወልድያ! ሁለት ሰው!" እያለ ይጮኻል፤ ሻንጣዬን ነጥቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው። እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

"ሁለት ዓመት ነው ያልሽኝ" አለችኝ።

"ሁለት ዓመት ነው እማ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አላድርም።"

"አብሽሪ። ልጅቷን ለእኔ ተያት። አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ።"

ያ ሁለት ዓመት አሥራ ሦስት ሆነ።

ይህን የምጽፍላችሁ ባለፈው ዒድ ጀልባው ላይ የተነሳሁትን ፎቶ አይታችሁ "ሉባባ መርከብ ገዛች" ብላችሁ እንዳወራችሁ ስለሰማሁ ነው። ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋኝ። ጀልባው የእኔ አይደለም፣ መርከብም አይደለም፤ ስፋቱ ሁለት እጄን ብዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳውን የምነካው ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም።

ለምን እንደወጣሁ ታውቃላችሁ። የሰሚራ አባት ጅቡቲ እሠራለሁ ብሎ ሄዶ እንደወጣ ቀረ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዝናቡ ጠፋና ጅጉርቴው ማሽላ ጉልበት እንኳ ሳይደርስ ደረቀ። ያን ዓመት ከሰፈራችን ልጃገረዶች ዐረብ አገር ያልሄደች ለመቁጠር አታስቸግርም ነበር። እኔም ሄድኩ። ስለዚያ ቤት ብዙ አልጽፍም፤ ከእናንተ መካከል እህቱን ወይ ልጁን ያልላከ የለም፣ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ፓስፖርቴ የአሠሪዬ የማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ "ልሂድ" ስል "ሰው እስክናገኝ" አሉኝ። ሰው ሳያገኙ ሌላ ዓመት አለፈ።

ሙቀቱ ሲበረታባቸው ቤተሰቡ ለንደን ሄዶ ይከርማል፤ በሦስተኛው ዓመት እኔንም ልጆቹን እንድጠብቅ ይዘውኝ ሄዱ። አንድ ቀን ከልጆቹና ከአክስታቸው ጋር መናፈሻ ሄደን ሳለ፣ አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ ቀይ ሴት አየችኝና በትግርኛ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። "ከቆቦ" አልኳት። ወንበሩን ለቀቀችው። "እኔ አላማጣ!" አለች በአማርኛ። አስቡት፣ ከእኛ ዋጃን አልፎ ያለው ከተማ እኮ ነው! በሚኒባስ ብንገናኝ ሰላም የማንባባል ሁለት ሰዎች እዚያ ተቃቅፈን እንደ እህትማማች አለቀስን። ለምለም ትባላለች። ፓስፖርቴ የት እንዳለ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

"ነገ በዚህ ሰዓት እዚህ ነይ። ዕቃ አትያዢ" አለችኝ።

በማግስቱ ልጆቹን አክስታቸው ጋ ትቼ "ውሃ ልግዛ" ብዬ ሄድኩ። ትንሿ ልጅ ከኋላዬ "ሉባ!" ብላ ጠራችኝ። ዞሬ አላየኋትም። ልጅ ጥሎ መሄድ ሁለተኛዬ ነበር።

ለምለም ጥገኝነት የሚጠየቅበት ቢሮ ወሰደችኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀት ነው። ቃሌን ተቀበሉኝ፣ እንደገና ተቀበሉኝ፣ ጠብቂ አሉኝ። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሉትን ሳገኝ ሰሚራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነበር። ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ ለማሳደስ ያስገባሁት ወረቀት መልስ ሳይመጣ ከአገር ከወጣሁ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ለምለም እሷ የምትሠራውን ሥራ አስገባችኝ፤ የሚጦራቸው ያጡ አዛውንቶች ቤት እየዞሩ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት መስጠት። እንደኛ አገር ቢሆን ልጅም ምራትም ጎረቤትም የሚሠራውን እኔ በሰዓት እየተላክሁ እሠራለሁ። ተኝተው የምገለብጣቸው እናቶች ሁሉ እናቴን ይመስሉኝ ነበር።

የምኖረው አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ሻጋታ ነው፤ ልብሴ እንኳ ይሸታል። አከራዬን ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ በደንብ አየው።

"ይኼ ካንቺ እስትንፋስ ነው የሚመጣው" አለኝ።

"ከእኔ?"

"አዎ። መስኮት ዘግተሽ ትተነፍሻለሽ። እርጥበቱ የት ይሂድ?"

"መስኮቱ እኮ አይከፈትም፤ ተቸንክሯል።"

"እንግዲያው ቀስ እያልሽ ተንፍሺ።"

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። ሰውየው አልቀለደም። በወሩ ቤቱን ሊያድስ እንደሆነና እንድለቅ የሚል ደብዳቤ በበሩ ሥር አስገባልኝ።

እትዬ ዶሪንን ያወቅኋቸው በዚያው ሰሞን ነው። ሥራ የሚያዘኝ ቢሮ "ከድልድዩ ወርደሽ በግራ በኩል፣ ቀይ ጀልባ" ብሎ ላከኝ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ አጭር፣ ጉልበታቸው የታመመ፣ ምላሳቸው ግን ጤነኛ የሆነ ሴት ናቸው። አጥቤ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬ፣ ሾርባ ሠርቼ ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ ጀልባው የለም። ውሃውና ሁለት ዳክዬ ብቻ! ደንግጬ ቢሮ ደወልኩ።

"ሴትየዋ የሉም" አልኩ።

"ሞቱ?"

"እኔ እንጃ። ቤታቸው ሄዷል።"

ቤታቸው የሄደው ሦስት ድልድይ አልፎ ነው። አንድ ጎረቤት ባለጀልባ ነድቶላቸው። በኋላ እንደገባኝ፣ ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌለው ጀልባ አንድ ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆም አይፈቀድለትም፤ መነሳት አለበት። ዓመቱን ሙሉ፣ በረዶም ይሁን ፀሐይ። በስማቸው መጥራት አፌ እምቢ ቢለኝ "እትዬ ዶሪን" እላቸው ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው "ማንም ታላቅ እህቴ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔ የቤቱ የመጨረሻ ነኝ" አሉና ደስ አላቸው። አከራዬ ሊያስወጣኝ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ብዙም አላሰቡም።

"በፊት በኩል ያለችው ክፍል ባዶ ናት። ሎክ የሚከፍትልኝ ሰው ደግሞ የለኝም" አሉ።

እንዲህ ሆኖ ነው ውሃ ላይ መኖር የጀመርኩት።

ካናል ማለት ወንዝ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ሆርማት በጋውን አሸዋ ሆኖ ከርሞ ነሐሴ ላይ ድንገት ከተራራው ወርዶ ከብት ይዞ ይሄዳል። ካናል ግን ድሮ ሰው በአካፋ የቆፈረው የውሃ መንገድ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ የማይፈስ። መሬቱ ከፍ ሲል ውሃው መውጣት ስለማይችል ሁለት ትልልቅ የእንጨት በር ያለው ጉድጓድ ሠርተዋል፤ ሎክ የሚሉት እሱን ነው። ጀልባው ይገባል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል፣ በብረት እጀታ መክፈቻውን ታዞራላችሁ፣ ውሃው ይሞላና ጀልባውን እንደ ሕፃን ብድግ ያደርገዋል። በሩን የምትገፉት በመቀመጫችሁ ነው። መጀመሪያ ቀን ስገፋ ተንሸራትቼ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ፣ እትዬ ዶሪን ከኋላ መሪውን ይዘው "ፈረሱ እንኳ ካንቺ ይሻል ነበር!" ብለው ጮኹ።

ፈረሱ ያሉት እውነተኛ ፈረስ ነው። ምሽት ምሽት ምድጃዋ ላይ ከሰል ጨምሬ እግራቸውን ሳሽ ያወሩኛል። የተወለዱት በወላጆቻቸው የከሰል ጀልባ ላይ፣ ከኋላ በነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀን ጠረጴዛ የሆነው ማታ አልጋ ይሆናል፣ እናት አባትና አምስት ልጅ እዚያ ያድራሉ። የቀረው የጀልባው ርዝመት ከሰል ነው። ፈረሱ ዳር ዳሩን እየሄደ በገመድ ይጎትታል፣ ኋላም ሞተር መጣ። ትምህርት ቤት የሚገቡት ከሰሉ እስኪራገፍ ድረስ ለአንድ ቀን ነው፤ መምህሯ ከኋላ ወንበር አስቀምጣ ወረቀትና እርሳስ ትሰጣቸውና "ሥዕል ሳሉ" ትላቸዋለች። እትዬ ዶሪን እስከ ዛሬ ማንበብ አይችሉም። የከተማው ሰው "የውሃ ቆሻሾች" ይላቸው ነበር፤ ሱቅ ሲገቡ ባለሱቁ እጁን ከዕቃው ላይ አያነሳም።

"ከሰላችንን ግን ይሞቁት ነበር" አሉኝ።

ከዚያ የጭነት መኪና በዛ። አንድ ክረምት ካናሉ ለሳምንታት ረግቶ በረዶ ሆነና ጀልባዎቹ ባሉበት ታሰሩ፤ ሲቀልጥ የሚጭኑት አልነበረም፣ ደንበኛው ሁሉ ወደ መኪና ዞሯል። ጀልባዎቹ ጥግ ጥግ ላይ ሰጠሙ፣ ለማገዶ ተፈለጡ። ቤተሰቡ የመንግሥት ቤት ተሰጠውና ተበተነ። የእትዬ ዶሪን እናት በዚያ ቤት ውስጥ ጣሪያው በጣም ከፍ አለብኝ እያሉ በሁለት ዓመት ሞቱ። እሳቸው ግን ባላቸውን ይዘው አንድ የተጣለች ጀልባ ጠግነው ተመለሱ። መጀመሪያ ካናሉ ላይ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ኪራይ ያቃጠለው፣ ሠዓሊው፣ ጡረተኛው፣ ተማሪው መጣ። አሁን በከተማው መሐል ጀልባ ከጀልባ ጎን ተጣብቆ ይታሰራል፤ ዳር ለመውረድ የሰው ቤት ጣሪያ ላይ ተራምዳችሁ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ቆሻሻ የተባለው ኑሮ ፎቶ የሚነሱት ሆነ።

ፎቶው የማያሳየውን እኔ ልንገራችሁ። ሽንት ቤቱ በእጅ ተይዞ ወጥቶ የሚደፋ ሣጥን ነው። ውሃ ከቧንቧው ቦታ ካልቀዳችሁ የለም። ክረምት መስኮቱ ከውስጥ ያላብና ጧት ትራሳችሁ ርጥብ ነው። ከሰልና ጋዝ የሚሸጥ ጀልባ አለ፤ ሲመጣ ደወል ይደውላል፣ እኔ እንደ ቆቦ ገበያ ቀን ሮጬ እወጣለሁ። ደግነቱ፣ እዚህ ሰው ጎረቤቱን ያውቃል። ለንደን ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሬ "እንዴት አደርሽ" ያሉኝ ባለጀልባዎቹ ናቸው። እትዬ ዶሪን ደግሞ ሞተሩን ሲያስነሱ "ቢስሚላ" ማለት ለምደዋል፤ ከእኔ ሲሰሙ የሞተሩ መላ መስሏቸው።

ቢሮዎቹ ግን አልለመዱንም። ክሊኒክ ካርድ ላወጣ ሄድኩ።

"አድራሻ?" አለች ልጅቷ።

"ጀልባ ላይ ነው የምኖረው።"

"እሺ፣ ጀልባው የት ነው?"

"ዛሬ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ። ሐሙስ እንነሳለን።"

"ወዴት?"

"ቦታ ወደተገኘበት።"

ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች። "እንደሱ የሚል የለውም።"

"እኛ አገር የማን ልጅ ነሽ ብለው ነው የሚጠይቁት። የመሐመድ ልጅ ብለሽ ልትጽፊው ትችያለሽ?"

አልሳቀችም። ካርዱንም አልሰጠችኝም።

ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ስልኩ ጠፋ። እናንተ ውስጡ ነበራችሁ፣ እኔ ምን ብዬ ላውራችሁ። እኔ የማውቀው የመስመሩን ድምፅ ነው፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ" የምትለዋን ሴት። የእናቴን ቁጥር፣ የእህቴን የፋጡማን፣ የጎረቤቶቹን፣ የባለሱቁን። ከአንድ አዛውንት ቤት ወደ ሌላው ስሄድ መንገድ ላይ እደውላለሁ። ለምለም አላማጣ ያለች እናቷን ትደውላለች፣ የእሷም አይሠራም። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተጣልቶ ነበር፤ እኔና እሷም ለሁለት ወር ተዘጋጋን። አንድ እሁድ ጀልባው ላይ መጣች። ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል አልተናገርንም። ስልኮቻችንን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርገን ተቀመጥን፤ እትዬ ዶሪን ሻይ እያመጡ፣ ሲቀዘቅዝ እየደፉ፣ ሌላ እያመጡ።

ከወራት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሎክ ላይ ነበርኩ፣ እጄ ላይ የመክፈቻው ብረት አለ።

"ሉባባ? እኔ ፋጡማ ነኝ።"

"አልሐምዱሊላህ! ሰሚራስ?"

"ደህና ናት። አጠገቤ አለች።"

"እማስ?"

"አላህ ይርሐማት በይ" አለችኝ።

የስኳር መድኃኒቷ አልቆ ነው። መድኃኒት ቤቱ ባዶ፣ ሆስፒታሉ ባዶ። ከተቀበረች አራት ወር ሆኗት ነበር፤ አራት ወር ሙሉ እኔ ለሞተች ሰው ስደውል ከርሜያለሁ። ሰሚራ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ውሃ እየቀዳች፣ እግሯን እያሸች ያስታመመቻት እሷ ናት። እኔ የፈረንጅ እናቶች እግር ሳሽ።

ብረቱ ከእጄ አምልጦ ውሃ ውስጥ ገባ። እትዬ ዶሪን ጀልባውን እንዴት አስጠግተው እንዳሰሩት አላውቅም። ቋንቋው ባይገባቸውም ሁሉም ገብቷቸዋል። የባለጀልባው ሰው ለቅሶ መድረስ አያውቅም፤ ግን አንዷ የምስር ሾርባ ይዛ መጣች፣ አንዱ ሳይናገር ጣሪያችን ላይ የከሰል ጆንያ አስቀምጦ ሄደ። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ አልተነሳንም። ከካናሉ ቢሮ አንድ ወጣት መዝጋቢ መጣ።

"እዚህ ከተፈቀደላችሁ በላይ ቆይታችኋል" አለ።

እትዬ ዶሪን በሩ ላይ ቆሙ። "ለቅሶ ላይ ነን።"

"ማን ሞተ?"

"እናቷ።"

"እዚህ ጀልባ ላይ?"

"አይደለም፣ አገሯ ላይ። አራት ወር ሆኗቸዋል። መርዶው ገና ሰሞኑን ነው የደረሰን።"

ልጁ እኔን አየኝ፣ ኮፍያውን አወለቀ። "ሞተር ተበላሽቶባቸዋል ብዬ እጽፋለሁ" ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ አንድ ሆነ፤ ሰሚራን ማምጣት። ጠበቃ ያዝኩ፣ የልደት ወረቀቷን ፋጡማ ቀበሌና ወረዳ ተመላልሳ አወጣችልኝ። ከዓመት በላይ ጠበቅን። መልሱ መጣ፦ አልተፈቀደም። ጠበቃዋ አንብባ አስረዳችኝ።

"ልጅሽ የምትኖርበት ቋሚ ቤት አላሳየሽም ነው የሚሉት።"

"ቤት አለኝ። አልጋ አላት፣ ምድጃ አለ፣ መጋረጃ ሰፍቼላታለሁ።"

"አውቃለሁ። ቤቱ የት ነው ይላሉ።"

ለእትዬ ዶሪን ነገርኳቸው። በሳምንቱ ጧት ጥሩ ካፖርታቸውን ለብሰው "ንጂ" አሉኝ። "ወዴት?" ስላቸው በጣታቸው ወደ ፊት ብቻ ጠቆሙ። ሁለት ቀን ሄድን። ከከተማው ጫፍ፣ አንድ ረጅም የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት "እዚህ እሰሪው" አሉ። ዳሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የፖስታ ሣጥን ቆሟል። ከብዙ ዓመት በፊት ባላቸው ተራ ይዘውበት የነበረ ቋሚ ቦታ ነው፤ ተራው ሁለት ጊዜ ደርሶ እሳቸው ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ሳይነግሩኝ እሺ ብለው ተቀብለውታል። "የታሰረ ጀልባ ላይ ከምሞት ውሃው ውስጥ ብሰጥም ይሻለኛል" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"እትዬ ዶሪን፣ እርስዎ እኮ..."

"ልጅቷ አድራሻ ትፈልጋለች አላልሽም?" አሉ።

በአዲሱ አድራሻ እንደገና አመለከትኩ፤ ይኸው እዚህ ከታሰርን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ያስነሳሉ፣ "ቢስሚላ" ይላሉ፣ መሪውን ይዘው ግድግዳውን እያዩ ይቆማሉ። ባትሪ ለመሙላት ነው ይሉኛል። ባትሪው ዳር ካለው መብራት እንደሚሞላ እሳቸውም ያውቃሉ። ካሰርነው ወዲህ እየመነመኑ መጡ፤ ምግብ ይተዋሉ፣ ወሬ ይተዋሉ። እናታቸው ከፍ ያለ ጣሪያ ሥር እንደሞቱት እንዳይሆኑብኝ እሰጋለሁ፤ ግን ገመዱን ልፍታው ብል አድራሻው አብሮ ይፈታል።

ባለፈው ወር ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ደብዳቤ ተገኘ። ተፈቅዷል። በሦስት ወር ውስጥ ካልገባች ግን ፈቃዱ ይቃጠላል። እትዬ ዶሪን ደብዳቤውን ገልብጠው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ የሰሚራን አልጋ እንደገና አነጠፉ። እኔ ፋጡማ ጋ ደወልኩ፣ እልል አለች። ሰሚራ ግን ስልክ ላይ አልቀርብ አለች። ትምህርት ቤት ናት፣ ተኝታለች፣ ጎብዬ ሄዳለች። እንዲህ እየተባልኩ ሳምንታት አለፉ። ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ ስደውል እሷው አነሳችው። እማ ሉባባ ነው የምትለኝ፤ ያለ ስም "እማ" የምትላት ፋጡማን ነው።

"ልጄ፣ ደብዳቤውን ሰማሽ አይደል?"

"ሰማሁ።"

"ታዲያ?"

"እኔ አልመጣም።"

ከኋላ ፋጡማ "ተይ እንጂ አንቺ ልጅ!" ስትል ተሰማኝ።

"ምነው ሰሚራ?"

"እማን ለማን ጥዬ? አያቴ ስትታመም እኔ ነበርኩ። እሷም ብትታመም ያለሁት እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው የወጣሁት።"

"እንደሱ ይሉኛል። እኔ ሂጂ አላልኩሽም። ሦስት ዓመቴ ነበር።"

በሚያልፈው ሰው ፊት መንገድ ላይ ቆምኩ። ድምጿ የልጅ አይደለም፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የሚያወራኝ ትልቅ ሰው ነው።

"አንቺ ለምን አትመጪም?" አለችኝ።

"ወረቀቴ እስኪታደስ..."

"ሁልጊዜ ወረቀት ነው።"

እውነቷን ነው። እትዬ ዶሪንስ ልላት ነበር፤ አላልኩም። አንዲት የማታውቃቸው አሮጊት ከእሷ በልጠውብኝ እንዳይመስላት ፈራሁ።

"እውነቱን ንገሪኝ" አልኳት። "ፋጡማ ብቻ ናት የያዘችሽ?"

ዋናው መንገድ ላይ የሚያልፍ የከባድ መኪና ጡሩምባ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ፤ የቆቦ አስፋልት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ፋጡማ እንዳትሰማት ይመስለኛል፣

"መጥቼ ባልወድሽስ?" አለችኝ።

ስንት ዓመት ለልጄ የምለውን ስለማመድ ኖሬያለሁ።

"እኔም እሱን እፈራለሁ" አልኳት። "ባትወጂኝም ግን ልይሽ።"

አለቀሰች መሰለኝ፣ ወይም መስመሩ ነው። ልጠይቃት አልደፈርኩም። ሲረጋጋ ስለ ፈተናዋ ነገረችኝ፣ ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜ መጣሉን ነገረችኝ፣ እመጣለሁም አልመጣምም ሳትል ልትዘጋው ሆነ።

"ቅዳሜ ደውዪልኝ" አለች።

በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ደውዪልኝ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ፈቃዱ ሊቃጠል ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ዛሬ ሐሙስ ነው።